ቀለል ያለ ሰርግ በጅቡቲ

ልጄ ሃያት ከሰመራ ደውላ "ቀለል ያለ ሰርግ ነው አባ፣ አንተ ምንም አትጨነቅ" ስትለኝ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። ከደስታዬ ብዛት አንዱን እግር ሁለት ጊዜ አሳጠርኩት። ባለቤቱ መጥቶ ሲለካው አንድ እግሩ ለስብሰባ፣ አንድ እግሩ ለኳስ የተዘጋጀ ሰው መሰለ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የልጄ ሰርግ ነው አልኩት። እሱም ኮስተር ብሎ የት ነው የሚደገሰው ሲል ጠየቀኝ። ጅቡቲ ነው ማለት አፍሬ ሱሪውን እንደገና መለካት ጀመርኩ።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። አዋሽ ሰባት ከመናኸሪያው ጀርባ ልብስ እሰፋለሁ። ከወሎ ከመጣሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት አዋሽ ውስጥ ያገባ ሰው ሱሪው ወይ ኮቱ በእጄ አልፏል፣ ድግሱ ደግሞ በአፌ አልፏል። እስላሙ ሰርግ ላይ ከፊት ተቀምጬ በልቻለሁ፤ ክርስቲያኑ ሰርግ ላይ ለእስላም በተለየው ድንኳን ውስጥ ከሁሉ ቀድሜ ተቀምጬ በልቻለሁ። ሆዴን እወዳለሁ ማለቴ አይደለም። ነገሩ የመጠራራት ነው። ዛሬ አንተ ትጠራኛለህ፣ ነገ እኔ እጠራሃለሁ። የእኔ ነገ ደግሞ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ሃያት። ከተማው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሷን ሲጠብቅ ኖሯል።

ከሁሉ በላይ የጠበቃት ጎረቤቴ ሰይድ ነው። ሰይድ ሥጋ ቤት አለው። ሃያት የተወለደች ዕለት መጥቶ አየና የሰርጓ በሬ የእኔ ነው ብሎኝ ወጣ። እኔ ምርቃት መስሎኝ አሚን ብያለሁ። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ በየዓመቱ በረመዳን ያስታውሰኛል።

አሁን ጅቡቲ ከየት መጣች እንዳትሉኝ። ሙሽራው ናስር ይባላል፤ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ከሃያት ጋር የተማረ፣ ወላጆቹ የሞቱበት፣ ጨዋ ልጅ ነው። በኋላ በምን መንገድ እንደሄደ እኔም በደንብ የማላውቀውን ጉዞ ሄዶ ጀርመን ገባ። ጀርመኖቹ የሰጡት ወረቀት ዓለምን ሁሉ እንዲረግጥ ይፈቅድለታል። የማይፈቅድለት አንድ አገር ብቻ ነው፤ የተወለደበት። እሱ ወደ እኛ መምጣት ካልቻለ እኛ ወደ እሱ መሄድ ሊኖርብን ነው። ሃያት ደግሞ ተምራ እዚያው ሰመራ በነርስነት ቀርታለች። ከሰመራ ጠዋት የተነሳ ሰው ከሰዓት በኋላ ጅቡቲ ባሕር ያያል። ስለዚህ ጅቡቲ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከናስር አክስት ነው።

ወይዘሮ ረውዳ ይባላሉ፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። ናስር እናት ስለሌለው የሰርጉን ነገር እሳቸው ያዙት። "ሲምፕል ነው የምናደርገው" አሉኝ በስልክ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይቺን ቃል ስሰማ ወገቤን ያመኛል። ሲምፕል ማለት ምን እንደሆነ ቀስ በቀስ ነው የተገለጠልኝ። ባሕር ዳር ያለ ሆቴል፣ ጀርባቸው ላይ ሪባን የሚታሰርላቸው ነጭ ወንበሮች፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ፎቶ አንሺ፣ ከአዲስ አበባ የምትመጣ ሜካፕ ሠሪ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አበባ። ቀለል ያለው እንግዳው ብቻ ነው። ሃያ ሰው። ከእኛ ወገን ስድስት ተፈቀደልን። ከስድስቱ ፓስፖርት የሚያወጣ ስንፈልግ እኔና ባለቤቴ ከድጃ ብቻ ቀረን። ሌሎቹ አራት ቦታዎች ወዲያው ወይዘሮ ረውዳ ጅቡቲ ላሏቸው ዘመዶች ተሰጡ። በኋላ እንደሰማሁት ከነዚያ ዘመዶች ግማሾቹን ሙሽራው ራሱ አያውቃቸውም።

ይህንን ለሰይድ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሥጋ ቤቱ ሄጄ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ነገርኩት። እየከተፈ ሰማኝ። ባሕር ላይ ነው ወይ አለኝ። ዳሩ ላይ ነው አልኩት። ስንት ሰው ነው አለኝ፤ ሃያ አልኩት። የእኔ ቤት ብቻ አስራ አንድ ነን ብሎ አስታወሰኝ። ከዚያ መከተፉን ቀጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የሚለኝ በአገጩ ብቻ ሆነ። ሥጋ ስገዛም የሚመዝንልኝ አጥንት ነው፤ ምናልባት በሥጋ የተሸፈነ አጥንት ሲያገኝ ደብቆ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል። ሌላውም ጎረቤት ያው ነው። ከድጃ ለቅሶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። ባሏ የሞተባትን ትተው እኛን የሚያዝኑልን ይመስላል።

የልብሱን ነገር ልለፈው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ሃያት አስረኛ ክፍል እያለች የገዛሁት ነጭ ጨርቅ ሳጥን ውስጥ አለ። ለሰርጓ ነው። በየዓመቱ አወጣዋለሁ፣ አራግፈዋለሁ፣ መልሼ አጥፈዋለሁ። ልለካሽ መቼ ትመጫለሽ ብዬ ስደውልላት ቬሎው ጅቡቲ ውስጥ በኪራይ መገኘቱን ነገረችኝ። ወይዘሮ ረውዳ ጨርሰውታል። "ለአንድ ቀን ነው አባ፣ ተለብሶ ይመለሳል" አለችኝ። ትዳሩም ተለብሶ እንዳይመለስ ልላት ነበር፤ ተውኩት። በምትኩ ለራሴ ኮት ሰፋሁ። ሠላሳ ዓመት ለሰው ስሰፋ ለራሴ አዲስ ኮት የሰፋሁት ያኔ ነው፤ ጥቁር ግራጫ፣ ሙሉ ገበር ያለው። ከድጃ በዚህ ሙቀት ኮት ምን ያደርግልሃል አለችኝ። የሙሽራ አባት ነኝ አልኳት። ዛሬ ሳስበው እውነቷን ነው፤ በአፋር ምድር ገበር ያለው ኮት የሚለብስ ሰው መጀመሪያ ሊመረመር ይገባዋል።

ሐሙስ ዕለት ከድጃና እኔ በሚኒባስ ሰመራ ገባን። አዳይቱ ላይ ግመሎች መንገዱን ዘግተው ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ፤ ሚሌ ላይ ምሳ በላን። ኮቴን በጉልበቴ ላይ አጥፌ ይዤ ነው የተጓዝኩት፤ እንደ ሕፃን። ሃያት ከተከራየቻት አንዲት ክፍል አደርን። ሰርጉ ቅዳሜ ነው፤ የጋብቻው ውል፣ ኒካው፣ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ቀጥሎ። የወይዘሮ ረውዳ መኪና ደግሞ ሐሙስ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሰመራ ያድርና ዓርብ ጠዋት እኛን አሳፍሮ ይቀጥላል ተብሏል።

ዓርብ ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆመ። ከሹፌሩ ሌላ ሰባት ሰው ይይዛል። ወይዘሮ ረውዳ፣ ባለቤታቸው ሀጂ ኑርሁሴን፣ ፎቶ አንሺው፣ ሜካፕ ሠሪዋ። ከእኛ ሃያት፣ ከድጃ፣ እኔ። ልክ ሰባት። ስቆጥር ልክ ነበር። ሲገቡ ግን አንዱ መቀመጫ ላይ አንድ ትልቅ የበረዶ ሳጥን ቀበቶ ታስሮለት ተቀምጧል። አበባው ነው። ከኋላ ይጫን እንዳይባል የኋላው በካሜራ ሻንጣና በሪባን ሞልቷል፤ ደግሞም ኤሲው አይደርሰውም። "የሃያት አባት፣ እርስዎ ነገ ጠዋት በሚኒባስ ቢመጡስ? አበባው ከኋላ ከተጫነ ይጠወልጋል፤ እርስዎ ደግሞ ወንድ ነዎት" አሉኝ ወይዘሮ ረውዳ።

ሃያት ከመኪናው ወረደች። እኔም ከእሱ ጋር ነገ እመጣለሁ አለች። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በግልጽ እናገራለሁ። ኩራት ያዘኝ። የለም የለም፣ እኔማ ሰመራ ጉዳይ አለኝ፣ እንዲያውም ልቀር ነበር አልኩ። ሰመራ ውስጥ ምን ጉዳይ ኖሮኝ? ከሃያት በቀር አንድ ሰው አላውቅም። ከድጃ ብቻ ውሸቴን ታውቃለች፤ አይታኝ ፊቷን አዞረች። መኪናው ሄደ። የበረዶ ሳጥኑ በመስኮት በኩል እኔን እያየ ሄደ።

ከጁምዓ በኋላ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። የደሴ ሰው መሆኑን ከአነጋገሩ የለየሁት አንድ ሸቀጥ ነጋዴ አጠገቤ ነበር። ነገ በጋላፊ ድንበር እንደምሻገር ስነግረው ፓስፖርትህን ጠብቅ አለኝ። ወንድሙ በዚያ መንገድ ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ ፓስፖርቱ የለም። የወንድሙን ታሪክ ሲጨርስ የአጎቱን ጀመረ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ክፍሏ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መርፌ ከኮሌታዬ ሥር አይለየኝም። የኮቴን ገበር በደረቱ በኩል ፈታሁ፣ ፓስፖርቱን ከተትኩ፣ መልሼ ሰፋሁት። በድርብ ስፌት። ከዚያ አላመንኩትምና ዙሪያውን ሌላ ስፌት ጨመርኩ። ስጨርስ ከውጭም ከውስጥም ምንም አይታይም። ሌባ ቢመጣ ኮቱን ሙሉ ይወስዳል እንጂ ፓስፖርቱን አያገኝም። ይህን ሳስብ ራሴን አደነቅሁ። ሰው ራሱን ያደነቀበትን ቀን ቆይቶ ሲያስታውሰው እንዴት እንደሚያፍር የሚያውቅ ያውቃል።

ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ ተሳፍሬ ሦስት ሰዓት ላይ ጋላፊ ደረስኩ። ኮቱን ለብሻለሁ። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ መኪኖቹ ራሳቸው ጥላ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ከባድ መኪኖች እስከ አድማስ ተሰልፈዋል። እኔ ግን ሰዓቴን ሳሰላ ደህና ነኝ። ከድንበሩ ጅቡቲ ከተማ አራት ወይም አምስት ሰዓት ነው፤ አስር ሶላት ሳይሰገድ እደርሳለሁ። ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት ሠራተኛ ፓስፖርት አለኝ። እጄን ወደ ደረቴ ሰደድኩ።

ስሰፋው ማውጫ አልተውኩለትም።

ደረቴን እየዳበስኩ ስቆም ወጣቱ ልቤን ያመመኝ መስሎት ውሃ እንዲሰጡኝ ጠየቀ። ደህና ነኝ፣ እዚሁ ውስጥ ነው፣ አሁን አመጣዋለሁ ብዬ ከሰልፉ ወጣሁ። አንድ ተሳቢ መኪና ጎን በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ሹፌር በመኪናው መስታወት እያየ ጢሙን ይላጫል። ይማም ይባላል፤ የወልድያ ሰው ነው። ምላጩን አውሰኝ አልኩት። ለምን እንደሆነ ስነግረው እኔ ልቅደድልህ አለኝ። ተው እኔ የሙያው ሰው ነኝ አልኩት። በጎማው ጥላ ሥር ተቀምጬ ኮቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት።

ያቺን ሱሪ ካልቆጠርን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ጨርቅ ያለ ቦታው ቆርጬ አላውቅም። ግን ላቡ ከግንባሬ ይወርዳል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ስፌቱም የራሴ ስለሆነ እንቢ አለኝ። እንዲህ አጥብቄ የምሰፋው ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው ብዬ ተናደድኩ። በሦስተኛው ሙከራ ምላጩን ጫን አደረግሁት፤ ገበሩ ተከፈተ፣ ምላጩም አልፎ ሄደ። ፓስፖርቱን ሳወጣው ሽፋኑ ተቆርጧል። ስገልጠው ፎቶዬ ያለበት ገጽ ከጆሮዬ እስከ ጆሮዬ ከአገጬ በታች ተሰንጥቋል። ራሴ በአንድ ወገን፣ አንገቴ በሌላ ወገን።

ይማም ጎንበስ ብሎ አየ። ፊቱ ላይ የተረፈውን ሳሙና ጠረገ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር። ሰፋሁት። ነጭ ክር ነበረኝ፤ ገጹን በደቃቅ ስፌት፣ ቁጥር የሌለበትን ቦታ እየመረጥኩ፣ አንገቴን ከራሴ ጋር አገናኘሁት። በእውነት ንጹሕ ሥራ ነበር። መልሼ ተሰልፌ ለዚያው ወጣት ሰጠሁት። ጣቱን በገጹ ላይ አሳለፈ።

"ይሄ ክር ነው አባት?"

"አዎ።"

"ማን ነው የሰፋው?"

"እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ።"

ብዙ ጊዜ አየው። "ስፌቱ ጥሩ ነው። ግን አያሳልፍዎትም" አለኝ።

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እሰድበውና ይወጣልኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ተነስቶ ወደ አለቃው ይዞኝ ሄደ፤ አለቃውም አይቶ ከንፈሩን መጠጠና አዘነልኝ። እኛ ብንለቅዎት ወዲያ ማዶ ይመልሱዎታል አሉኝ። ልጄ ዛሬ ትዳራለች፣ እኔ ወሊዋ፣ ዳሪዋ ነኝ፣ ያለ እኔ ኒካ አይታሰርም አልኳቸው። ወጣቱ ሠራተኛ ሙስሊም ነው መሰለኝ ወኪል ያድርጉ፣ በስልክም ይሆናል አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ፓስፖርቴን በሁለት እጁ ይዞ መለሰልኝ፤ እንደሚሰበር ነገር።

ለከድጃ ደወልኩ። መስመሩ ከመኪናው ጥላ ሥር አይሠራም፤ ፀሐዩ መሃል ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። የት ደረስክ አለችኝ። ፓስፖርቴ ተቆርጧል፣ አላለፍኩም አልኳት። ሌላ ሴት ብትሆን እንዴት ተቆረጠ ትላለች። ከድጃ ግን አንድ ጊዜ የቤት ቁልፍ ትራስ ውስጥ ሰፍቼ ሁለት ቀን በረንዳ ላይ ያሳደርኳት ሴት ናት። "ሰፍተኸው ነበር፣ አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ስልኩን ለወይዘሮ ረውዳ ሰጠቻቸው።

ወይዘሮ ረውዳ ወዲያው መፍትሔ አገኙ፤ ሴትየዋ ለመፍትሔ ናቸው። ኒካውን ለነገ ማዘዋወር አይቻልም፤ አዳራሹ የተያዘው ለዛሬ ብቻ ነው፣ የናስርም አውሮፕላን እሑድ ጠዋት ይነሳል። ስለዚህ ሀጂ ኑርሁሴንን ወክያለሁ ብዬ ከአስር ሶላት በኋላ ቃዲው እየሰማ በስልክ እናገራለሁ፤ እሳቸው በእኔ ስም ይድራሉ። ሀጂ ኑርሁሴን መልካም ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ከእኔ ጋር የተነጋገሩት ግን አንድ ጊዜ ነው፤ ዓርብ ጠዋት የሰመራ ሙቀት ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብለውኝ፣ አዎ ብያቸዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደግኋትን ልጅ በዚህ ትውውቅ ላይ ላስረክባቸው ነው።

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልል ነው?

እስከ አስር ሶላት በይማም መኪና ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ጥላው ሲዞር እኛም እየተነሳን አብረን ዞርን። ሰልፉ አልተንቀሳቀሰም። ይማም ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ግን ቀስ በቀስ ነገረኝ። ሁለት ሴት ልጆች ድሯል። አንደኛዋ ስትዳር ጅቡቲ ወደብ ጭነት ይጠብቅ ነበር፤ ሁለተኛዋ ስትዳር መኪናው ተበላሽቶበት ዲቼቶ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለቱንም በወኪል ነው የዳረው። እንዴት ናቸው አልኩት። ደህና ናቸው አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ትንሿ እስከ ዛሬ ሰርጌ ላይ አልነበርክም ትለኛለች አለ። ይህን ለማጽናናት ይሁን ለማስጠንቀቅ እስካሁን አልገባኝም።

አስር ሶላትን አብረን ሰገድን። ስልኩ ጮኸ፤ ወዲያው ተቆረጠ። ይማም የመኪናውን አናት አሳየኝ፤ እዚያ ላይ መስመር ይሻላል አለኝ። ኮቴን እንደለበስኩ፣ አንዱ ደረቱ ተቦጭቆ ተንጠልጥሎ፣ ጎማውን ረግጬ፣ መስታወቱን ይዤ፣ የመኪናው አናት ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ነው። ስልኩ እንደገና ጮኸ። የወይዘሮ ረውዳ ድምፅ፣ ከዚያ የማላውቀው የቃዲው ድምፅ መጣ፤ ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አልተሰማም አለ። ጮክ ብዬ ነገርኩት። የምሰማው ቃል ተቆራርጦ ስለሚመጣ እነሱም እንዲሁ የሚሰሙኝ መሰለኝና "ትሰሙኛላችሁ?" እያልኩ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። ከሥር ሹፌሮቹ ወሬያቸውን አቁመው ወደ ላይ ያዩኛል።

"ልጄን ሃያትን" አልኩ፣ ድምፄ ያለ ፈቃዴ ቀጠነ። እንደገና ጀመርኩ። "ልጄን ሃያትን ለናስር እንዲድሩልኝ ሀጂ ኑርሁሴንን ወክያለሁ።"

ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። አንዴ ደግሞ አሉኝ፤ አንዴ ደግሞ አልኩት። ከዚያ መስመሩ ጠፋ።

ሀጂው ድሬያለሁ ሲሉ፣ ናስር ተቀብያለሁ ሲል አልሰማሁም። ብደውል አይነሳም፣ አይጠራም። የመኪና አናት ላይ ቆሜ ልጄ ተድራ ይሁን ሳትዳር የማላውቅ ሰው ሆንኩ። ይማም ከሥር ሆኖ ወክለሃል፣ የአንተ ድርሻ አልቋል፣ ውረድ አለኝ። ስወርድ የማላውቃቸው ስድስት ሹፌሮች አንድ በአንድ እጄን ጨብጠው መብሩክ አሉኝ። አንደኛው ከማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ ውሃ አውጥቶ ሰጠኝ። በልጄ ሰርግ የቀመስኩት እሱን ነው።

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ከድጃ ማክሰኞ አዋሽ ገባች፤ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል። ባሕሩ እንዴት ነው አልኳት፤ ጨው ነው አለችኝ። አበባው ከድንበሩ እንዳለፈ ጠውልጎ ስለነበር የላስቲክ አበባ ተገዝቶ ነው አዳራሹ ያጌጠው አለችኝ። ይህን ስሰማ መደሰት አልነበረብኝም፤ ተደስቻለሁ። ናስር እሑድ ጠዋት በረረ። ሃያት ሰኞ ሰመራ ተመልሳ ሥራዋ ገባች፤ ቪዛዋ እስኪታይ ዓመት ይሁን ሁለት ዓመት የሚያውቅ የለም። እሱ ጀርመን፣ እሷ እዚያችው አንዲት ክፍል። ሰርጉ በእውነት ቀለል ያለ ስለነበር ምንም ነገር ሳያናውጥ አለፈ።

ወሬው አዋሽ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። በማግስቱ ሰይድ ሱቄ መጣ። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያው ነው። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠና የስፌት መኪናዬን ሲያይ ቆየ። አልገባህም አሉ አለኝ። አልገባሁም አልኩት። ድንበር ላይ ነበርክ አሉ አለኝ። ድንበር ላይ ነበርኩ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

"እንግዲያ አንተም እንደኛው ያልተጠራህ ነህ ለካ" አለኝ።

ይህን ብሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሥጋ ላከልኝ። አጥንት የለበትም።

ከወር በኋላ ሃያት የሁለት ቀን እረፍት አግኝታ መጣች። ሰይድና ሚስቱም እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ መጡ፤ አምስታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቪዲዮውን በስልኳ አየን። ወንበሮቹ ነጭ ናቸው፣ ባሕሩ ከኋላ አለ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ደህና ለብሰዋል። ቬሎው ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል፤ ሁለት ጣት ያህል መጥበብ ነበረበት፤ አልተናገርኩም። ከዚያ ወይዘሮ ረውዳ ስልካቸውን ወደ ማይክሮፎን አስጠጉና የእኔ ድምፅ ወጣ። ትሰሙኛላችሁ ይላል፤ ቀጭን ነው፣ በርሜል ውስጥ የገባ ሰው ይመስላል። ሁለተኛው ትሰሙኛላችሁ ላይ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሦስተኛው ላይ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ወይዘሮ ረውዳ ስልኩን እንደያዙ ሳቁ፤ ሀጂ ኑርሁሴንም ሳቁ፤ ናስር ሊይዘው ሞክሮ አመለጠው። ሰይድ ዓይኑን ከስልኩ ነቅሎ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

እኔ በቪዲዮው ውስጥ ሃያትን ስፈልግ ነበር። ወንበሯ ላይ የለችም። ልጄን ሃያትን የሚለው ድምፅ ሲወጣ ተነስታለች፤ ቬሎዋን በአንድ እጅ ሰብስባ በሰዎቹ መሃል አልፋ ስልኩ ጋ ደርሳለች፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታለች። ፎቶ አንሺው ጀርባዋን ብቻ ነው ያነሳው። እስኪያልቅ ድረስ እንደዚያው ጎንብሳ ቆማለች።

"ለምን ተነሳሽ?" አልኳት።

ስልኩን ከእጄ ወሰደችና አጠፋችው።

"ድምፅህ ይቆራረጥ ነበር አባ" አለችኝ። "ከቀረብኩ የሚሻል መስሎኝ ነው።"